«በታዛዥነት አልታዘዝም»፦ የሊንከኑ ጳጳስ ሮበርት ግሮስቴስትና የ1253ቱ ደብዳቤ

ደብዳቤው የወጣው ጣሊያን ውስጥ ከፔሩጂያ ከተማ ነው። ቀኑ ጃንዋሪ 26፣ 1253። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ላኪው ፖፕ ኢኖሰንት 4ኛ ነው። የተላከው ለሁለት ሰዎች ነው፦ ለካንተርበሪው ሊቀ ዲያቆንና እንግሊዝ አገር ለሚኖር ኢኖሰንት ለሚባል የፖፑ ጸሐፊ። የጸሐፊውና የፖፑ ስም አንድ ስለሆነ እንዳይምታታባችሁ።

ትእዛዙ ግልጽ ነበር። የፖፑ የሥጋ ዘመድ ፌዴሪኮ ዘላቫኛ በእንግሊዝ በሊንከን ከተማ ካቴድራል ካኖን ሆኗል። ካኖን ማለት የካቴድራሉ ጉባኤ አባል የሆነ ካህን ነው። ሹመቱ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቋሚ ገቢ አለው። ገቢው የሚገኘው ከመሬት ኪራይና ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አሥራት ነው። በእኛ ቋንቋ ጉልት ብንለው ከነገሩ ብዙም አንርቅም። ሁለቱ ሰዎች ፌዴሪኮን በቦታው እንዲያስቀምጡ ታዘዋል። የሚቃወም ካለ በሁለት ወር ውስጥ ፖፑ ፊት ቀርቦ መልስ ይስጥ ይላል ደብዳቤው።

ሊንከን ላይ የተቀመጠው ጳጳስ ሮበርት ግሮስቴስት ነው። ዕድሜው 80 ገደማ ነው። በዘመኑ አውሮፓ ካፈራቻቸው ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ነው። መልሱን በላቲን ጻፈ። በመልሱ ውስጥ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች፦ «እንደ ልጅ፣ በታዛዥነት፣ አልታዘዝም፤ እቃወማለሁ፤ አምፃለሁም።»

ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ አመፅ ነው። አንድ ደፋር ጳጳስ ሮማን ናቀ፣ አለቀ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ግሮስቴስት የፖፑን ሥልጣን ተጠራጥሮ አያውቅም። እንዲያውም በእንግሊዝ ጳጳሳት መካከል ስለዚያ ሥልጣን የእሱን ያህል አጥብቆ የጻፈ ማግኘት ይከብዳል። እምቢ ያለው ስላላመነ ሳይሆን ስላመነ ነው። ይህን ለመረዳት ግን ሰውየውን ከመነሻው መያዝ ያስፈልጋል።

ከሰፎክ እስከ ኦክስፎርድ

የተወለደው በ1170 አካባቢ በእንግሊዝ ምሥራቅ፣ ሰፎክ በሚባል ግዛት ነው። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። «ግሮስቴስት» በፈረንሳይኛ «ትልቅ ራስ» ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ጳጳሳት በአብዛኛው ከባለርስት ቤት ወይም ከንጉሥ ቢሮ የሚመጡ ነበሩ። እሱ ግን የመጣው በትምህርት ብቻ ነው።

አንድ የቆየ ዜና መዋዕል የሚተርከው ነገር አለ። ግሮስቴስት ጳጳስ ከሆነ በኋላ አንድ ትልቅ መኮንን ገበታው ላይ ተቀምጦ ሥርዓቱን አየ። እንግዳ አቀባበሉ፣ አበላሉ፣ አነጋገሩ ሁሉ የመሳፍንት ነው። መኮንኑ ተገርሞ «ከድሃ ቤት የወጣህ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ተማርክ?» አለው። «እውነት ነው፣ ወላጆቼ ድሆች ናቸው። ያደግሁት ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካሉት ታላላቅ ሰዎች ጋር ነው» አለ ይባላል።

ከ1198 በፊት የሄርፎርድ ጳጳስ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ያስቀጠረው የዚያ ዘመን ስመ ጥር ጸሐፊ ጄራልድ ዘዌልስ ነው፤ በሕግና በሕክምና ያለውን ችሎታ ጠቅሶ መሰከረለት። ከዚያ በኋላ ዋና ሥራው ማስተማርና መጻፍ ሆነ፤ ቦታውም ኦክስፎርድ።

የጻፈው ብዙ ነው፤ እኔን የሚይዘኝ ስለ ብርሃን የጻፈው ነው። በ1225 አካባቢ «ስለ ብርሃን» የምትል አጭር ጽሑፍ አዘጋጀ። ጥቂት ገጽ ናት። ሐሳቧ ግን ድፍረት የተሞላ ነው። በመጀመሪያ አንዲት ነጥብ ብርሃን ነበረች ይላል። ብርሃን ባሕርይው መብዛት ነው። አንዲቷ ነጥብ በአንድ ጊዜ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ራሷን አበዛች፤ ቁስንም ይዛ ተዘረጋች፤ ከዚያ ዓለም እንደ ሉል ሆነ። ሰማያትም ምድርም ከዚያ መስፋት የመጡ ናቸው። በዘመናችን የደራም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የታሪክ ተመራማሪዎች አብረው ተቀምጠው ይህን ጽሑፍ ወደ ሒሳብ ቀመር ቀይረውታል። ከ800 ዓመት በፊት በላባ ብዕር የተጻፈ ሐሳብ ኮምፒውተር ላይ ተሞከረ ማለት ነው።

ስለ ቀስተ ደመናም ጽፏል። ቀስተ ደመና የሚመጣው ብርሃን በደመናው እርጥበት ውስጥ ሲያልፍ በመሰበሩ ነው አለ። ዝርዝሩ ትክክል አልነበረም። ነገር ግን ከእሱ በፊት ሰዎች የሚያወሩት ስለ ነጸብራቅ ነበር፤ የብርሃንን መሰበር ወደ ጉዳዩ ያስገባው እሱ ነው። የተፈጥሮን ሥራ ያለ መስመር፣ ያለ ማዕዘንና ያለ ቅርጽ መረዳት አይቻልም ብሎም አስተማረ። በኋላ የተነሣው እንግሊዛዊ ሊቅ ሮጀር ቤከን ስሙን ባነሣ ቁጥር ያሞግሰዋል።

ፍራንሲስካውያን መነኮሳት እንግሊዝ የገቡት በ1224 ነው። ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ፣ ለምነው የሚበሉ ናቸው። ኦክስፎርድ ላይ ትንሽ ትምህርት ቤት ሲሠሩ ግሮስቴስትን አስተምረን አሉት። ከ1229 ወይም ከ1230 ጀምሮ እስከ 1235 አስተማራቸው። የእነሱ አባል አልሆነም፤ ልቡ ግን እዚያ ነበር። ከመነኮሳቱ አንዱ የጻፈው ታሪክ ይህን ይነግረናል፦ አንድ ቆዛሚ መነኩሴ ንስሐ ሊገባ መጣ። ግሮስቴስት ቀኖና ሰጠው። ቀኖናው አንድ ዋንጫ ምርጥ ወይን ጠጅ መጠጣት ነበር። መነኩሴው እያቅማማ ጠጣው። «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ቀኖና ብዙ ጊዜ ቢሰጥህ ኅሊናህ የተሻለ ይሆን ነበር» አለው። ለሌላ መነኩሴ ደግሞ ለጤና ሦስት ነገር ያስፈልጋል ብሎታል፦ ምግብ፣ እንቅልፍና ጨዋታ። የሕክምና ትምህርቱ እዚህ ላይ ይታየኛል።

በ1232 በጽኑ ታመመ። ሲሻለው ያደረገው ነገር ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። በዚያን ጊዜ የሌስተር ሊቀ ዲያቆን ነበር፤ ሌላም ገቢ ያለው ቦታ ነበረው። ሁሉንም ለቀቀ። ያስቀረው በሊንከን ካቴድራል ያለችውን አንዲት ቦታ ብቻ ነው። ሰዎች ሞኝነት ነው አሉ። ለመነኩሲቷ እህቱ በጻፈው ደብዳቤ በገንዘብ ድሃ ቢሆንም በበጎነት መበልጸግ እንደሚሻል ነግሯታል። አንድ ሰው ብዙ አጥቢያ ይዞ የአንዱንም ነፍስ ሳይጠብቅ መኖሩ ያስፈራው ነበር። ፍርሃቱ ከራሱ ነው የጀመረው። ለሌላው መናገር የጀመረው ከራሱ ኪስ አውጥቶ ካስቀመጠ በኋላ ነው።

ኦቪድ የሚማረው ልጅ

በ1235 የሊንከን ጳጳስ ሆኖ ተመረጠ። ዕድሜው ከ60 አልፏል። ሀገረ ስብከቱ በእንግሊዝ ትልቁ ነው፤ ከሰሜኑ ሐምበር ወንዝ እስከ ቴምዝ ይዘልቃል። በውስጡ ስምንት ሊቀ ዲያቆናት አሉ፤ ኦክስፎርድም የእሱ ናት።

ያን ሁሉ አገር መዞር ጀመረ። በየወረዳው ካህናቱን በአንድ ቦታ ይሰበስባል። ሕዝቡም ልጆቹን ለቅብዓተ ሜሮን ይዞ ይመጣል። እሱ ለካህናቱ ይሰብካል፤ መነኮሳቱ ለሕዝቡ ይሰብካሉ፣ ንስሐ ይቀበላሉ። «ይህ ያልተለመደ አዲስ ነገር ነው» ያሉት ሰዎች ነበሩ። ሰውን የሚያሻሽል አዲስ ነገር ሁሉ የተባረከ ነው ብሎ መለሰ። በመጀመሪያው ጉብኝቱ 7 አበምኔቶችንና 4 የገዳም አለቆችን ከሹመት አወረደ። ገር ሰው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ የሆነች አንዲት ትንሽ ጉዳይ አለች። የ1253ቱን ለመረዳት ከዚህች የተሻለ በር አላውቅም። ዊልያም ራሌ የሚባል የንጉሡ ትልቅ ዳኛ ለአንድ ልጅ አጥቢያ እንዲሰጠው ጳጳሱን ጠየቀው። ራሌ ሊቀየሙት የማይገባ ሰው ነው፤ ጉልበት አለው። ግሮስቴስት እምቢ አለ። ልጁ ገና ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት ተቀምጦ የጥንቱን ሮማዊ ባለቅኔ የኦቪድን ግጥም እየተማረ ነው። የነፍስ አባት መሆን አይችልም አለ።

ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ልጁ ድጋፍ ካስፈለገው ከራሱ ገንዘብ በየዓመቱ 10 ማርክ እንደሚሰጠው ቃል ገባ። አንድ ማርክ የአንድ ፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 10 ማርክ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እንግዲህ ነገሩ ገንዘቡ ላይ አልነበረም። ልጁን መርዳት ይቻላል። ልጁን ለመርዳት ብሎ የአንድ አጥቢያ ሕዝብን ያለ ንስሐ አባት ማስቀረት ግን አይቻልም። አጥቢያው የልጁ ድጎማ አይደለም። ሕዝቡ ቀድሞ አለ።

ይህን አቋም ለትንሹም ለትልቁም ያዘው። ለንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ሰዎችም፣ ለራሱ ካቴድራል ካህናትም።

ከካቴድራሉ ካህናት ጋር የነበረው ጠብ በ1239 ተነሥቶ ዓመታት ፈጀ። ልጎብኛችሁ፣ ልመርምራችሁ አለ። እኛን የመመርመር መብት የለህም አሉ። ታሪክ ጸሐፊው ማቲው ፓሪስ አንድ ነገር ያወራል። ከካህናቱ አንዱ ካቴድራሉ ውስጥ ቆሞ በጳጳሱ ላይ ሲሰብክ «እኛ ዝም ብንል ድንጋዮች ይጮኻሉ» አለ። ወዲያው የካቴድራሉ መካከለኛ ግንብ ተደረመሰ። ግንቡ በእነዚያ ዓመታት መውደቁ የታወቀ ነው፤ ስብከቱ ከመውደቁ ጋር የገጠመበትን ሰዓት ግን ለተራኪው እተወዋለሁ።

ጠቡን የፈታው ማን ነው? ራሱ ፖፕ ኢኖሰንት 4ኛ። በኦገስት 1245 ሊዮን ከተማ ላይ ለግሮስቴስት ፈረደ። ጳጳሱ ካቴድራሉን መጎብኘትና ማረም ይችላል ተባለ። በ1253 እምቢ የተባለው ፖፕ ከስምንት ዓመት በፊት የግሮስቴስትን እጅ ያጠናከረው ፖፕ ነው። ግሮስቴስት ይህን አልረሳም። በሊንከን ላይ ያለው ሥልጣን ሁሉ በፖፑ በኩል የተረጋገጠ መሆኑን ያውቃል።

ስለ ፖፑ ሲጽፍ ምሳሌው እንደገና ብርሃን ነው። ፖፑ ፀሐይ ነው ይላል፤ ጳጳሳት ከእሱ ብርሃን የሚቀበሉ ጨረቃና ከዋክብት ናቸው። ስለ ብርሃን ይህን ያህል ያሰበ ሰው ይህን ምሳሌ ለጌጥ ያመጣዋል ብዬ አላምንም። ፀሐይ ብርሃን እንጂ ጨለማ አይሰጥም። ከፀሐይ መጣሁ የሚል ጨለማ ካለ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በእኔ ንባብ የ1253ቱ ደብዳቤ ሥሩ እዚህ ነው።

ስለ እሱ ስጽፍ ማለፍ የማልችለው ሌላ ነገር አለ። በ1231 ወይም 1232 የሌስተር ጌታ ሲሞን ዘሞንፎር አይሁዶችን ከሌስተር አባረረ። የዊንቸስተር መኮንን መበለት ጥገኝነት ሰጠቻቸው። ያኔ ግሮስቴስት የሌስተር ሊቀ ዲያቆን ነበር። ለሴትዮዋ የጻፈላት ደብዳቤ ከባድ ነው። አይሁዶችን መግደል አይገባም ይላል፤ ነገር ግን መከራቸው የሚገባቸው ቅጣት ነው፣ በአራጣ እንዲኖሩ የሚፈቅድ ጌታም የኃጢአቱ ተካፋይ ነው ይላል። ለአንድ አጥቢያ ገበሬ ነፍስ ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ለእነዚያ ስደተኞች ልቡን አልከፈተም። ይህ ያሳዝነኛል። ከታሪኩ ቆርጬ ባወጣው ግን ሌላ ሰው ነው የምጽፈው።

ገንዘቡ ለምን ከሊንከን?

ኢኖሰንት 4ኛ ዘመዱን ከጣሊያን አንሥቶ እንግሊዝ ካቴድራል ላይ ለምን ይሾመዋል? ነገሩ ከስግብግብነት በላይ ነው።

የፖፑ ቤተ መንግሥት ብዙ ሠራተኛ አለው፤ ጸሐፊ፣ ዳኛ፣ መልእክተኛ። ለእነዚህ ሁሉ የሚበቃ የደመወዝ ካዝና ግን የለውም። ስለዚህ ደመወዙ በየአገሩ ካሉ አብያተ ክርስቲያናት ገቢ ይቆረጣል። ሰውየው ሮማ ይሠራል፤ ገቢው ከእንግሊዝ ወይም ከፈረንሳይ ይመጣለታል። አጥቢያው ላይ በርካሽ የተቀጠረ ምክትል ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ማንም አይቀመጥም። ላይ ላዩን ሲያዩት የአስተዳደር ዘዴ ነው። ታች ያለው ሰው ግን አሥራቱን ይከፍላል፣ ሲሞት የሚያናዝዘው የለም።

ላዩ ላይ ደግሞ ጦርነት ነበር። ኢኖሰንት ከንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ጋር ተፋልሟል። በ1244 ከጣሊያን ሸሽቶ ሊዮን ገባ፤ በ1245 እዚያ ጉባኤ ጠርቶ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ወርዷል ብሎ አወጀ። እስከ 1251 እዚያው ቆየ። ጦርነት ወዳጅ ይፈልጋል፤ ወዳጅ ደግሞ ሽልማት። የፖፑ ቤተሰብ የጄኖዋ አካባቢ ኃያል ቤት ነው፤ ላቫኛ የእነሱ መሬት ነው። ዘመድ መሾም የታማኝ መረብ መዘርጊያ ነበር። በደብዳቤው ላይ ፌዴሪኮ የተጠራበት የላቲን ቃል «ኔፖስ» ነው፤ የወንድም ወይም የእህት ልጅ እንደማለት። ዛሬ ዘመድ አዝማድ መሾምን ኔፖቲዝም የምንለው ከዚሁ ቃል ነው።

ማቲው ፓሪስ እንደሚለው ግሮስቴስት ለውጭ አገር ካህናት ከእንግሊዝ የሚወጣውን ገንዘብ አስቆጥሮ ነበር። ድምሩ በዓመት ከ70,000 ማርክ በላይ መጣ። የንጉሡ የራሱ ገቢ የዚያ ሲሶ አይሞላም ነበር ይላል። ማቲው ፓሪስ ሮማን የሚጠላ ጸሐፊ ስለሆነ ቁጥሩን በጥንቃቄ ነው የምይዘው። ጳጳሱ ግን ጉዳዩን በጣት ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው እንደነበር ያሳየኛል።

ግሮስቴስት መጀመሪያ በአፉ ተናገረ። በሜይ 13፣ 1250 ሊዮን ላይ በፖፑና በካርዲናሎቹ ፊት ያዘጋጀው ጽሑፍ ተነበበ። ያን ዕድሜ ይዞ ባሕር ተሻግሮ የሄደው ለዚህ ነው። ክፉ እረኞች ስለሚያደርሱት ጥፋት ዘረዘረ። ምንጩን ሲጠቁም ጣቱን ወደ ሩቅ አልቀሰረም። የዚህ ሁሉ መንሥኤና መነሻ ይህ ጉባኤ፣ ይህ የሮማ ቤት ነው አለ። ተቀምጠው በሚሰሙት ፊት።

የነፍስ ጥበቃ ምን እንደሆነም እዚያው ተናገረ። ቅዳሴ ቀድሶ ቁርባን ማቀበል ብቻ አይደለም አለ። እውነትን ማስተማር ነው። ነውርን መገሠጽ ነው። የተራበን ማብላት፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመንና የታሰረን መጠየቅ ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የራስ አጥቢያ ሰዎችን። የቤተ ክርስቲያኑ ሀብት የእነሱ ነውና። ይህን በቅጥረኛ ማሠራት አይቻልም፤ ቅጥረኛው ለራሱም የሚበቃ አያገኝም።

የመጣ ለውጥ አልነበረም። አዝኖ ተመለሰ።

ደብዳቤው ሲፈታ

ከሦስት ዓመት በኋላ የፌዴሪኮ ጉዳይ መጣ። መልሱን የጻፈው ለፖፑ አይደለም፤ እንግሊዝ ላለው ለጸሐፊው ኢኖሰንት ነው። ብዙ ጊዜ «ለፖፑ የጻፈው» ሲባል እሰማለሁ፤ ግን ፖፑ እንደሚያነበው እያወቀ ለጸሐፊው ነው የጻፈው።

አጀማመሩ እምቢታ አይደለም። የሐዋርያዊውን መንበር ትእዛዝ በፍጹም ልብ እታዘዛለሁ ይላል። ከዚያ አንድ ቃል ይይዛል፦ «ሐዋርያዊ»። ሐዋርያዊ ትእዛዝ ማለት ከሐዋርያትና ከክርስቶስ ትምህርት ጋር የሚስማማ ትእዛዝ ነው። የማይስማማ ከሆነ ማኅተሙ ትክክል ቢሆንም ሐዋርያዊ አይባልም። ይህ የሎጂክ መምህር ሥራ ነው። በኦክስፎርድ ዓመታት የአርስቶትልን ስለ ማስረጃ የሚያወራ መጽሐፍ ሲያብራራ የኖረ ሰው ነው። ከትርጓሜ ይነሣል፤ ወደ መደምደሚያ ይወርዳል።

ከዚያ «ይህ ሁሉ ቢኖርም» የምትለውን ሐረግ ይይዛል። የፖፑ ደብዳቤ እንዲህ ያለ ሐረግ ደርድሯል። የቀደመ ሕግ ቢኖርም፣ የካቴድራሉ ልማድ ቢኖርም፣ መሐላ ቢኖርም፣ ከዚህ በፊት የተሰጠ የፖፕ ፈቃድ ቢኖርም ትእዛዙ ይፈጸም። ግሮስቴስት በዚህች ሐረግ በጣም ይቆጣል። ቃል መታመንን፣ ውል ማክበርን፣ መተማመንን ሁሉ ጠራርጋ የምትወስድ ጎርፍ ናት ይላል። እኔም ደብዳቤውን ሳነብ ይህ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ወረቀት የቀደሙትን ወረቀቶች ሁሉ መሻር ከቻለ ነገ ሌላ ወረቀት እሱንም ይሽረዋል። ሰው ምን ይዞ ይቁም?

ቀጥሎ ወደ ኃጢአቱ ይሄዳል። ከሉሲፈር ኃጢአት ቀጥሎ ለሐዋርያት ትምህርት ይህን ያህል ተቃራኒ የሆነ ኃጢአት የለም ይላል፦ ለእረኝነት ተቀምጦ የበጎቹን ወተትና ጸጉር እየወሰዱ በጎቹን መግደል። እረኝነትን መንፈግ ነፍስ መግደል ነው። የሐዋርያዊ መንበር ሥልጣን ደግሞ ጳውሎስ እንዳለው ለማነጽ እንጂ ለማፍረስ አልተሰጠም። ስለዚህ ይህን ማዘዝ መንበሩ አይችልም። ቢያዝዝ ራሱን ይክዳል።

እምቢታው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ፊሊያሊተር» ይላል ላቲኑ፤ እንደ ልጅ። ልጅ አባቱን ስለሚያከብር አባቱ ገደል ሲገባ አብሮ አይገባም፤ እጁን ይዞ ይጎትተዋል።

እንግዲህ የኦቪዱን ልጅ አስታውሱ። ለዳኛው ራሌ የተሰጠው መልስና ለፖፑ የተሰጠው መልስ አንድ ነው። የተለወጠው የጠያቂው ቁመት ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ

ማቲው ፓሪስ ፖፑ መልሱን ሲሰማ የሆነውን ይተርካል። በቁጣ «ይህ የጃጀ፣ ደንቆሮ ሽማግሌ ማነው? ሥራዬን ሊፈርድ የሚደፍር!» አለ። ንጉሡ የእኛ ሎሌ ነው፤ አንድ ቃል ብናገር ያስረዋል አለ። ካርዲናሎቹ አበረዱት። የሚለው እውነት ነው፤ ከእኛ የተሻለ ሰው ነው፤ ሊቅነቱን ዓለም ያውቃል፤ ነገሩን ብንነካካው ይብስብናል አሉት። ማቲው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም፤ ንግግሩንም ራሱ ሳያሳምረው አልቀረም። እውነታው ግን ግሮስቴስት ከሹመቱ አለመነሣቱ ነው።

ጊዜም አልቀረው ነበር። በዚያው ዓመት መጸው ላይ የጳጳሱ መኖሪያ ባለባት በክደን በምትባል መንደር ታመመ። የዶሚኒካውያን መነኩሴና ሐኪም የሆነው ጆን ዘሴንት ጃይልስ አጠገቡ ነበር። ከኦክቶበር 8 ለ9 አጥቢያ 1253 ሌሊት አረፈ። በሊንከን ካቴድራል ደቡብ ምሥራቅ ክንፍ ተቀበረ። ያን ሌሊት የለንደኑ ጳጳስ ከሰማይ ደወል ሰማ ተብሏል።

ቅዱስ ይባልልን የሚል ጥያቄ ከእንግሊዝ በተደጋጋሚ ወደ ሮማ ሄደ። እስከ 1307 ድረስ ተሞከረ። አልተሳካም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ተቺ የሆነው እንግሊዛዊ ጆን ዊክሊፍ የ1253ቱን ደብዳቤ አንሥቶ ሮማን ለመሞገት ተጠቀመበት። ግሮስቴስት ይህን ቢያይ የሚደሰት አይመስለኝም። እሱ ቤቱን ሊያድን ነበር የፈለገው።

በእነዚያ የሙግት ዓመታት ውስጥ ሌላም ሥራ ይሠራ ነበር። ግሪክኛን የተማረው ሸምግሎ ነው። በጳጳስነቱ መሐል፣ በ1246 እና 1247 አካባቢ፣ የአርስቶትልን የሥነ ምግባር መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ላቲን ሙሉውን ተረጎመ፤ ከግሪክ ማብራሪያዎቹ ጋር። አውሮፓ ያን መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ያነበበው በእሱ ትርጉም ነው።

መጻሕፍቱን ለኦክስፎርድ ፍራንሲስካውያን ተናዘዘላቸው። አብዛኞቹ በየዘመኑ ተበትነዋል። ጥቂቶቹ ግን አሉ። ኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካሉት አንዱ የአውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» ነው። በኅዳጉ ላይ በራሱ እጅ የጻፋቸው ትንንሽ ምልክቶች ይታያሉ፤ ነጥብ፣ መስመር፣ ፊደል፣ የሒሳብ ቅርጽ። ከ400 በላይ ምልክቶች ፈጥሮ ነበር፤ እያንዳንዱ ለአንድ ርዕስ። ስለ እረኝነት የሚያወራ ቦታ ሲያገኝ ምልክቱን ኅዳጉ ላይ ያኖራል፤ በሌላ መጽሐፍ ሲያገኝም ያንኑ። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ይሰበስባል። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ምልክቶቹ ግን ይነበባሉ።